ለአንድ ሕፃን ትንፋሽ ስንት ነጥብ ይሰጣል?

ለክቡር አቶ ሙኔካታ
በካዋሺሞ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሕፃናት ማቆያ ምደባ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ እንዲሁም በአገልግሎት መስኮቱ በስተጀርባ የሚደክሙት የሥራ ባልደረቦችዎ በሙሉ በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ስለ እንቅልፍዎ እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ መሆኑን የማምንበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን የሰላምታው ወግ ሳይፈጸም ማንሳት ነውር ስለሚሆን ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ ከእንቅልፍ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ስሜ ሂሳኖ ቱሩማኪ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ከወንዙ ማዶ ካለው መነሻ ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አልፎ ባቡር ጣቢያ የሚደርሰውን መስመር እነዳለሁ። ናጊ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ ገና መዳህ እየሞከረ ወደ ኋላ የሚሄድ ልጅ ነው። ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ያደረግሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በፖስታ የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች «ለጊዜው ተይዘዋል» የሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ ስላገኙ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እንዲይዙልኝ ማስቸገር ይሉኝታ ስለያዘኝ ነው።

አንዳንድ አንባቢ ይህችን ሴት ምን እንዲህ አስቆጣት ይል ይሆናል። ቁጣ አይደለም። ፈርቻለሁ። እጁ መሪ ላይ የሚንቀጠቀጥበት ሾፌር ሥራ መልቀቅ አለበት ይባላል፤ የእኔ እጅ እስካሁን አልተንቀጠቀጠም፤ ውስጤ ግን ከተንቀጠቀጠ ቆይቷል። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን ጽሕፈት ቤትዎ በሚወደው መንገድ ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ነጥቡ።

ልጆቻቸው አድገውላቸው ይህን ጣጣ የረሱ አንባቢዎች እንዲገባቸው ባጭሩ ላስረዳ። በወረዳችን የመንግሥት ማቆያዎች ያሉት ቦታዎች ከሕፃናቱ ያነሱ ናቸው፤ ደህና የሚባሉት የግል ማቆያዎች ደግሞ የሾፌርን ደመወዝ ሙልጭ አድርገው ይወስዳሉ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ማንም እንዳያዝን በማሰብ ወላጆችን ሁሉ በነጥብ አሰልፈውናል። ሙሉ ሰዓት የሚሠራ እናትና ሙሉ ሰዓት የሚሠራ አባት ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። እኔና ባለቤቴ ዮሺሃሩ ሙሉ ነጥብ አገኘን፤ ደስም አለን። በኋላ እንደተረዳነው ሰፈሩ በሙሉ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። እንግዲህ ጨዋታው ያለው ከሙሉው በላይ የምትጨመር ወይም የምትቀነስ አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ከእኛ ተቀነሰች።

የተቀነሰችው በአማቴ በወይዘሮ ፉሳዬ ምክንያት ነው። በደንቡ መሠረት ስድሳ አምስት ዓመት ያልሞላት አያት በዚያው ወረዳ የምትኖር ከሆነ ልጁን ልትይዝ ትችላለች ተብሎ ይገመታል። ግምቱ ቸርነት የተሞላበት ነው። አማቴን ራሷን ይዤ ወደ መስኮቱ በሄድኩ ጊዜ ያነጋገረን አቶ ኒሺጎሪ የሚባል ወጣት ሠራተኛዎ ሲሆን፣ ጨዋታቸውን ቃል በቃል ባሰፍረው እንደማይቀየሙ አምናለሁ።

«አያትየዋ ስድሳ አምስት ስላልሞላቸው ነው፤ ይይዙታል ተብሎ ይገመታል» አለ ወጣቱ።

«ልጄ፣ እኔ ባለቤቴ መርሳት ይዞት በር በከፈትኩ ቁጥር ወጥቶ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። እሱን ልከተል ወይስ ሕፃኑን ልያዝ?» አለች አማቴ።

«ባለቤትዎ እንደሚጠፉ የሐኪም ማስረጃ ካለ…»

«ሐኪም ቤት ሲሄድማ ጤነኛ ነው። ሐኪሙን ጨብጦ፣ የመንግሥት ሚኒስትሮችን ስም ሁሉ ጠርቶ ይመለሳል። የሚጠፋው ከእኔ ጋ ሲሆን ነው እኮ።»

ወጣቱ ሊስቅ ሲል ሥራ ላይ መሆኑን አስታውሶ ሳቁን ዋጠ። ደረጃውን ስንወርድ አማቴ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ «ለወረዳው ገና ኮረዳ ነኝ፤ ያረጀሁት ለጉልበቴ ብቻ ነው» አለችኝ። ለአንዲት ሴት በስተርጅና ወጣትነቷን በመንግሥት ደረጃ ስላረጋገጡላት በእሷ ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ስለተነገረበት ቀን።

የደረሰን ማስታወቂያ «አልተቀበልንዎትም» አይልም። «ማመልከቻዎ ለጊዜው ተይዟል» ይላል። ይህን ይዤ ወደ መስኮቱ ስመጣ አጠገቤ ቀይ ኮት የለበሰች፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቆማ ታለቅሳለች። እኔም እያለቀስኩ ስለነበር እህቴ፣ አይዞሽ፣ የአንቺም ተያዘ? አልኳት።

«ኧረ እኔስ ተቀበሉኝ» አለች፤ ልቅሶዋም ባሰባት።

ሴትየዋ የፈለገችው እምቢ እንድትባል ኖሯል። መሥሪያ ቤቷ የወሊድ ፈቃዷን የሚያራዝምላት «ቦታ አላገኘችም» የሚል ወረቀት ከእርስዎ ካመጣች ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም አይገባበትም የሚባለውን፣ ዘፈንና ዋና የሚያስተምረውን ስመ ጥር ማቆያ ብቻ መርጣ አመለከተች፤ እና አለፈች። እኔ ደግሞ በእግር፣ በብስክሌትና በባቡር የሚደረስባቸውን ሁሉ ጽፌ ከሁሉም ወደቅሁ።

«እንቀያየራ» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች፤ ሁለታችንም ወደ አቶ ኒሺጎሪ ዞርን።

«እንደሱ አይቻልም» አለ። «እሳቸው ካልወሰዱት ለሚቀጥለው ተራ ነው የሚሰጠው።»

«ተራው የማን ነው?»

«መናገር አልተፈቀደልኝም።»

ከዚያ ለሁለታችንም እኩል ሶፍት አቀረበልን። በጽሕፈት ቤትዎ ያለ ነጥብ ሲታደል ያየሁት ነገር ይህ ሶፍት ብቻ በመሆኑ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግነት የሚመስል ነገር ነገረኝ። «ለሚቀጥለው ምደባ ልጁ አስቀድሞ አንድ የግል ቦታ በክፍያ የሚውል ከሆነ ነጥብ ይጨመራል። ብዙ ሰው እንደዚያ እያደረገ ነው» አለኝ። እኔም በወንዙ ዳር ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ያለችውን፣ ረከስ ያለችውን «ትንሿ ዳክዬ» የምትባለውን ማቆያ ጠቅሼ፣ ደህና ቦታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«በወረዳው ተመዝግቧል» አለኝ።

ደህና ነው አላለኝም። እኔ ግን የሰማሁት መስማት የፈለግሁትን ነው። ሥራ የምመለስበት ቀን ደርሶ ነበር፤ ነጥቧም አስፈለገችኝ። ናጊን ለነጥብ ብዬ «ትንሿ ዳክዬ» አስገባሁት። ከመኖሪያ ሕንፃችን ብቻ ሦስት እናቶች እንዲሁ አድርገዋል፤ በካዋሺሞ ልጅን መጀመሪያ መጥፎ ቦታ ማስገባት ወደ ጥሩ ቦታ የሚወስድ መንገድ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገርዎ።

እኛ ሾፌሮች አውቶቡሱን ከማንቀሳቀሳችን በፊት ያየነውን ሁሉ በጣታችን እየጠቆምን ጮክ ብለን እንናገራለን። ቀኝ፣ ደህና። ግራ፣ ደህና። በር፣ ተዘግቷል። ተሳፋሪ የሚስቅብን ይኖራል። ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም፤ ዓይን ብቻውን ሲሆን ያላየውን አየሁ ይላል፤ ጣትና አፍ ሲጨመሩበት መዋሸት ይቸግረዋል። ናጊ ከተወለደ ጀምሮ ይህን ልማድ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። ሲተኛ አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ እየጠቆምኩ «ፊት፣ ወደ ላይ። አፍንጫ፣ ክፍት። ትንፋሽ፣ አለ» እላለሁ። ዮሺሃሩ መጀመሪያ ላይ «ልጁ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? ሳልሳፈር እንዳያመልጠኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በኋላ እሱም ሰው አያየኝም ሲል እየጠቆመ አገኘሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ «ትንሿ ዳክዬ»።

የማቆያዋ ባለቤት ወይዘሮ ሳካኖዌ ሁልጊዜ ማታ ልጁን በር ላይ ነበር የምትሰጠኝ። «ጡጦውን ጨርሷል፣ ጎበዝ ሆኖ ተኝቷል፤ የናጊ እናት፣ ያንቺ ልጅ እኮ ሲተኛ ድንጋይ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም እኮራ ነበር። ቤት ውስጥ ቀን ቀን ካልታቀፈ የማይተኛ ልጅ እዚያ ድንጋይ የሚሆንበትን ምክንያት ቆም ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን የዳይፐር ቦርሳውን መስጠት ረስቼ ኖሮ፣ በጠዋቱና በከሰዓቱ ፈረቃ መካከል ባለው እረፍት የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ላደርስ ሄድኩ። በሩ አልተቆለፈም። ከውስጥ የዕቃ ማጠብ ድምፅ ይሰማል። የመኝታ ክፍሉ መጋረጃ ስለተዘጋ ጨለማ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከዚያ ታዩኝ፤ ሕፃናቱ በሙሉ በተርታ፣ በሆዳቸው ተደፍተው፣ ፊታቸው ወደ ፍራሹ። በክፍሉ ውስጥ አንድም አዋቂ አልነበረም።

ናጊን በካልሲው ለየሁት። ጣቴን አነሳሁ። «ፊት» አልኩና የሚቀጥለው ቃል አልወጣልኝም።

ክቡር ሆይ፣ ስገለብጠው አልተንቀሳቀሰም። ጉንጩ ላይ የፍራሹ ስፌት ታትሞበታል። አንሶላው ከአፉ ሥር ርሷል። ጣቴን ወደ አፍንጫው አስጠጋሁ፤ ግን ጣቴ ደንዝዞ ስለነበር ሙቀት ይሁን ቅዝቃዜ መለየት አልቻልኩም። ጉንጬን አስጠጋሁ። ምንም። ምን ያህል እንደቆየሁ አልነግርዎትም፤ አላውቀውምና። ከዚያ በጉንጬ ላይ ተነፈሰ፤ በረጅሙ፣ በቁጣ፣ ከሞቀ እንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሽማግሌ።

ቀና ስል ሌሎቹ አሉ። አራት ነበሩ። አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጠቁሜ ተናገርኩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ትንፋሽ፣ አለ እስክል ድረስ የእኔው ይቆም ነበር። ወይዘሮ ሳካኖዌ እጇ እየተንጠባጠበ ከወጥ ቤት የመጣችው ያኔ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው? የሰው ልጅ አትንኪ!»

«ለምን ተደፍተው ይተኛሉ?»

«እንደዛ ሲሆኑ አይነቁማ። ለሁሉም ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አንዱ ከነቃ ሁሉም ይነቃል። የናጊ እናት፣ እንዲህ አትጨናነቂ፤ ልጅ እኮ ሸክላ አይደለም። ስንቱን አሳድጌያለሁ።»

ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት እኔም በመስታወት አውቀዋለሁ። ይህ ግን ፍርሃቴን አባሰው እንጂ አላቀለለውም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ክፉ ሰው በማራቅ ነገሩ ባለቀ ነበር። ናጊን አቅፌ ወጣሁ። ደውዬላት አማቴ በታክሲ፣ ባሏንም ቤት ትታው እንዳይጠፋ አስከትላው ደረሰች፤ ልጁን በመኪናው መስኮት አስረከብኳት። የከሰዓቱ አውቶቡሴ ሁለት ደቂቃ ዘገየ።

ስለ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ሥራዬን ሳልጨርስ በዚያው ዕለት ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ፤ አንዱ የአውቶቡሱን የካሜራ ቀረጻ አየ፤ ሌላው መነሻው ድረስ መጥቶ የበሩን አሠራር ፈተሸ። አልተከፋሁም፤ ሰው የጫነ መኪና እንዲህ ነው መያዝ ያለበት። ይህን የማነሳው ለማነጻጸር ያህል ነው።

አራተኛ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ጥቆማ ስላቀረብኩበት ቀን።

አቶ ኒሺጎሪ የነገርኩትን ሁሉ ሳያቋርጠኝ ሰማ፤ ጻፈም። ከዚያ እንዲህ ተባባልን።

«ቅሬታዎን ተቀብለናል። ለማቆያዋ አሳውቀን ሄደን እናያለን።»

«አስቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ?»

«ሥራ ላይ ሆነው እንዳንረብሻቸው ነው። ሌላ ደግሞ… ልጁን ካወጡት የተጨመረው ነጥብ ይነሳል።»

«እዚያው ብተወውስ ኖሮ?»

«ነጥቡ ይኖር ነበር።»

«ልጄስ ይኖር ነበር?»

ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ቃልዎን አክብረው ተቆጣጣሪዎችን ልከዋል፤ ውጤቱም ደርሶኛል። መጋረጃው ተከፍቶ፣ አሻንጉሊቶቹ በወግ ተደርድረው፣ ሕፃናቱም ነቅተው ሲጫወቱ ተገኝተዋልና «የሚያሳስብ ነገር አልታየም» ይላል። የሄዱት ረፋዱ ላይ ነበር። ሕፃን ተደፍቶ መተኛቱን ለማየት ሕፃን በሚተኛበት ሰዓት መሄድ እንደሚያስፈልግ ለማሰብ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚጠይቅ እኔ ሾፌር ነኝና አላውቅም።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩትን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንዲሁ ልንገርዎ።

አሁን ናጊ ከሰዓት ከአማቴ ጋር ነው፤ እሷም በአንድ ዓይኗ በሩንና ባሏን፣ በሌላው ልጄን ታያለች። ጠዋት ጠዋት የሚይዘው ዮሺሃሩ ነው። ዮሺሃሩ ዳቦ ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጀርባ በሌለው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እኔ ከወንዙ ማዶ ካለው መነሻ ከመነሳቴ በፊት እደውላለሁ።

«ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ።»

«በል።»

«ፊት፣ ወደ ላይ። አፍንጫ፣ ክፍት፤ ትንሽ ንፍጥ አለ። ትንፋሽ፣ አለ። ሾፌር፣ ሂጂ።»

ይህን ስሰማ እነዳለሁ። ትዳራችን በአሁኑ ጊዜ በዋናነት ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ደወልኩ፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም አላነሳም። ተሳፋሪዎቹ ገብተዋል፤ የመነሻው ሰዓት ደርሷል። ስልኬን አጥፍቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ቀኝ፣ ደህና። ግራ፣ ደህና። በር፣ ተዘግቷል። አውቶቡሱን አንቀሳቀስኩ። በዚያ ጉዞ ድልድዩ ላይ ያለውን ጭጋግ፣ የተማሪዎቹን ቢጫ ኮፍያ፣ የመውረጃውን ደወል የተጫነውን እያንዳንዱን ጣት አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ውጪ ያለውን ለማየት አልደፈርኩም። ከዚህ ውጪ ያለው አንድ ሰው በርጩማ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ ከእጁ ላይ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ነበር። ቀይ መብራት ሁሉ ላይ እሱን አየሁ። ማልቀስ አልቻልኩም፤ ዕንባ ዓይን ይጋርዳል፤ ከኋላዬ የሰው ልጆች አሉ። አንድ ሰውም ተኝቷል።

የመጨረሻው ጣቢያ ደርሼ ሁሉም ከወረዱ በኋላ ደወልኩ። አነሳው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ» ነበር የሚለው። እንቅልፍ ከነበርጩማው ጥሎታል። ናጊ አስቀድሞ ምንጣፉ ላይ ስለነበር የአባቱን ካልሲ አውልቆ እየበላ ነበር። ዮሺሃሩ ግንባሩ ተሰንጥቆ እየደማ «ፊት፣ ወደ ላይ» ማለት ጀመረ፤ ሳይጨርስ አለቀሰ። እኔም ባዶው አውቶቡስ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ የመልሱ ጉዞ ሰዓት ደረሰ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የናጊ ማመልከቻ ለጊዜው እንደተያዘ ይቆይ፤ ልማዳችን ሆኗል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው፣ ማንንም ሳያሳውቅ፣ ሕፃናት በሚተኙበት ሰዓት ከልብስ ንጽሕና ቤቱ በላይ ያለውን ደረጃ ወጥቶ መጋረጃውን እንዲገልጥ እለምናለሁ። እኔ የገለበጥኳቸው አራት ሕፃናት ዛሬም እዚያ ናቸው። እናቶቻቸውን አነጋግሬያለሁ፤ አንደኛዋ «አውቃለሁ፤ ግን ነጥቡ እስከ ምደባው ድረስ ያስፈልገኛል» አለችኝ። ፊቷን ቢያዩት እኔን ነው የሚመስለው። ሌላዋ ወይዘሮ ሳካኖዌ አንድ ረዳት እንድትቀጥር ብንለምናት ይሻላል አለች፤ የወረዳው ድጎማ ለአንዲት ረዳት የሚበቃ እንዳልሆነ ወይዘሮዋ ራሷ ነግራኛለች። ይህንንም ሊመለከቱት ይችላሉ፤ መስኮትዎ ሰፊ ነው።

እንግዲህ ጊዜዎን እንዲህ በመሻማቴ እያፈርኩ፣ ለአያቶች ስለሰጡት ወጣትነት፣ ለተመዘገቡት ቦታዎች መዝገብ፣ አስቀድመው ለሚያሳውቁ ተቆጣጣሪዎችዎ፣ በተለይም ለሶፍቱ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ከአሽከርካሪ ወንበሬ ሆኜ ኮፍያዬን አውልቄ እጅ እነሳለሁ።

ነጥብ የጎደላት አክባሪዎ፣
ሂሳኖ ቱሩማኪ
የናጊ እናት

ማስታወሻ፦ ስለ እንቅልፍዎ ቃል ገብቼ ነበር። ፎቶግራፍዎ «ልጆች ተመችቷቸው የሚያድጉባት ወረዳ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር በወረዳው መጽሔት ላይ ስለወጣ አውቅዎታለሁ። ዘወትር ጠዋት ከእኔ ጀርባ ካለው ሁለተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ድልድዩን ሳንሻገር ይተኛሉ። ዮሺሃሩ ስልኩን ባላነሳበት በዚያ ጠዋትም ተኝተው ነበር፤ አገጭዎ ደረትዎ ላይ ወድቆ፣ ፊትዎ ወደ ታች። እንደዚያ የተኛ ሰው ማየት ስለማልችል፣ መብራቱ ላይ በቆምኩ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ወደ እርስዎ እየጠቆምኩ ትንፋሽ፣ አለ እያልኩ ነው ያደረስኩዎት። የሚወርዱበት ደርሶ ስላልነቁ ሁለት ጊዜ ጠራሁዎት፤ ተነሥተው ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ነገ ጠዋትም በሰዓቴ እመጣለሁ። ልጄን በዚያ ሰዓት ማን ነቅቶ እንደሚያይልኝ እስካሁን አላውቅም። እርስዎን ግን አያለሁ፤ ያለ ሐሳብ ይተኙ።